የቀዶ ሕክምና ስቴፕለር በእኛ ኦፕሬሽን ክፍል ምን ያህል አስተማማኝ ነው? ደረጃ በደረጃ የሚሠራ የደኅንነት ግምገማ

አንጀት በእጅ መስፋት የለመደ ሐኪም ስቴፕለር ሲይዝ መጀመሪያ የሚያስደስተው ፍጥነቱ ነው። አንጀቱ በመሣሪያው መንጋጋ ይያዛል፣ ይጨመቃል፣ የታይታኒየም ስቴፕሎች በረድፍ ይተከላሉ፣ መሃሉ በምላጭ ይቆረጣል። በቃ። ደኅንነቱ ግን እዚያው አይታወቅም። የሚታወቀው በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ በሰባተኛው ቀን ነው። አንዳንዴም በሽተኛው ቢቸና ወይም ሞጣ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ይህ መመሪያ በጎጃም ሆስፒታሎች ለሚሠሩ የቀዶ ሐኪሞች፣ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች፣ የባዮሜዲካል ባለሙያዎችና የጥራት ክፍል ሠራተኞች ነው። ጥበበ ግዮን፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ደብረ ማርቆስ ብትሆኑ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ብትሆኑ አሠራሩ አንድ ነው። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ገጽ ፎርም፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ስልክና የማያቋርጥ ሰው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ውሰዱ ብባል ይህን እላለሁ፦ እያንዳንዱን ፋየር (ስቴፕለሩ አንድ ጊዜ ሲተኮስ) መዝግቡ፤ የተሳካውንም። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 ለሐኪሞች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አወጣ። ከጥር 2011 እስከ መጋቢት 2018 ድረስ ስለ ውስጥ አካል ስቴፕለሮች ከ41,000 በላይ ሪፖርት ደርሶት ነበር። ከነዚህ ውስጥ 366ቱ የሞት፣ ከ9,000 በላዩ የከባድ ጉዳት፣ ከ32,000 በላዩ ደግሞ የመሣሪያ ብልሽት ሪፖርቶች ነበሩ። ያስደነግጣል። ግን ከስንት ፋየር ውስጥ? ይህን ሪፖርቶቹ አይነግሩንም። ሪፖርት የሚጻፈው ችግር ሲኖር ነው፤ ያለ ችግር ያለፈው አይቆጠርም። አንዳንዱ ችግር ደግሞ ሳይጻፍ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩ አደጋ እንዳለ ይነግረናል እንጂ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ አይነግረንም። ያም ሆኖ ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 መሣሪያዎቹ ከዝቅተኛው የስጋት ክፍል ወጥተው ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ወዳለው ሁለተኛ ክፍል ገቡ።

እኛ ግን ከነሱ የተሻለ ዕድል አለን። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሁሉንም ፋየር መቁጠር ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡ

«ስቴፕለር ጥሩ ነው ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። የቆዳ ስቴፕለር፣ ቀጥ ያለው ሊኒየር ስቴፕለር፣ እየሰፋ የሚቆርጠው ሊኒየር ከተር፣ ለፊንጢጣ አካባቢ መጋጠሚያ የሚውለው ክብ ስቴፕለር፣ በላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ በሚሠራ ኦፕሬሽን) የሚገባው ረጅሙ፣ እነዚህ ሁሉ ስማቸው ነው የሚገናኘው። የሚበላሹበት መንገድ የተለያየ ነው። አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ኦፕሬሽንና አንድ ዋና ውጤት ምረጡ።

የት እንጀምር ለሚለኝ ሰው መልሴ ሲግሞይድ ቮልቩለስ ነው። የአንጀት መታጠፍ በእኛ ደጋ አገር ብርቅ አይደለም። ደጋግሞ ስለሚመጣ ቁጥሩ ቶሎ ይጠራቀማል። ከዚያም በላይ የስቴፕለር ትክክለኛ ፈተና እዚያ ነው። በሽተኛው አህያ ወይም ቃሬዛ ላይ ሆኖ፣ ከዚያም በመኪና፣ ዘግይቶ ይደርሳል። አንጀቱ ተነፍቷል፣ ግድግዳው አብጧል፣ አንዳንዴ ጠቁሯል። በቀጠሮ በገባና አንጀቱ በተዘጋጀ ሰው ላይ የተሠራ ጥናት ለዚህ በሽተኛ አይበቃም። በእውነተኛ ሥራ ውስጥ መገምገም ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በሆስፒታላችን በሲግሞይድ ቮልቩለስ ምክንያት አንጀት ተቆርጦ በሊኒየር ከተር ከተገጠመላቸው በሽተኞች ውስጥ፣ በ30 ቀን ውስጥ መጋጠሚያው ያፈሰሰባቸው ስንት ናቸው?» መጋጠሚያው አፈሰሰ ማለት ሁለቱ የአንጀት ጫፎች ከተገናኙበት ቦታ በአንጀቱ ውስጥ ያለው ወደ ውጭ ወጣ ማለት ነው። ይህ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ደረጃ 2፦ ሳጥኑን አንብቡ፣ ሳጥኑን መዝግቡ

መሣሪያው ከስቶር ሲወጣ አራት ነገር ይመዘገባል፦ የሞዴል ቁጥር፣ የሎት ቁጥር (መሣሪያው አብሮ የተመረተበት ዙር መለያ)፣ የማብቂያ ቀን፣ የካርትሪጁ (ስቴፕሎቹን የያዘው ተቀያያሪ ክፍል) ቀለምና የስቴፕሉ ቁመት። ብዙ አምራቾች ይህን ሁሉ በተለጣፊ ወረቀት ስለሚያቀርቡት ነቅሎ ፎርሙ ላይ መለጠፍ ነው። ተለጣፊ ከሌለ ሳጥኑን በስልክ ፎቶ አንሱት።

የሎት ቁጥር ትርፍ ጽሑፍ ይመስላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ትልቅ አምራች ክብ ስቴፕለሮቹን ከገበያ ሰብስቧል፤ ስቴፕሎቹ በሚገባ ሳይታጠፉ የሚቀሩበት ችግር ስለተገኘ ነው። እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ሲመጣ ሎት ያልመዘገበ ሆስፒታል የትኛውን በሽተኛ እንደሚፈልግ አያውቅም።

ማብቂያ ቀኑ ላይ ቆም በሉ። ሳጥኑ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስቶራችን የሚያስበው በእኛ ነው። 2024-05 የሚል ካርትሪጅ በእኛ ግንቦት 2016 ላይ አልቋል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ላነበበ ሰው ግን ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ዕቃው ስቶር ሲገባ ሁለቱም ቀን በወፍራም ማርከር ሳጥኑ ላይ ይጻፍ። የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው።

ስለ ቀለሙም እንዲሁ። በብዙ አምራቾች ዘንድ ነጭ ካርትሪጅ ለቀጭን ሕብረ ሕዋስና ለደም ሥር ነው፤ ስቴፕሉ ክፍት ሳለ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ሲዘጋ 1.0 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰማያዊ ከ3.5 ወደ 1.5 ይዘጋል። አረንጓዴ ለወፍራም ነው፤ እንደ አምራቹ ከ4.1 ወይም ከ4.8 ተነሥቶ 2.0 አካባቢ ይዘጋል። አዳዲስ ሞዴሎች ግን የራሳቸው ቀለም አላቸው። ስለዚህ «ሰማያዊ ተጠቀምን» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ሚሊ ሜትሩም ይጻፍ። በእርዳታና በግዢ ከተለያየ ቦታ የመጣ ዕቃ አንድ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ቀለም ያሳስታል።

አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ ሳይነሣ ማለፍ የለበትም። ለአንድ በሽተኛ ብቻ የተሠራ ስቴፕለር ታጥቦ ለሌላ በሽተኛ ሲውል። እጥረት ወደዚህ እንደሚገፋ ይገባኛል። ግን በመንጋጋው ውስጥ የቀረ ደምና ሕብረ ሕዋስ አይታይም፤ መያዣውና ምላጩም የተሠሩት ለተወሰነ ፋየር ነው። ካርትሪጅ እየቀያየሩ በአንድ በሽተኛ ላይ ብዙ ጊዜ መተኮስ ይፈቀዳል፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ከሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ይናገራል። ከዚያ ውጪ የተደረገ ነገር ካለ በፎርሙ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ካልተጻፈ ለአሮጌ መያዣ ጥፋት አዲሱ ሞዴል ይወቀሳል።

ደረጃ 3፦ «ችግር» የምትሉትን ቀድማችሁ ወስኑ

ይህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መጻፍ አለበት። በኋላ ከሆነ እያንዳንዱ ሰው የወደደውን «እሱ እንኳ ችግር አይባልም» ይላል።

ሁለት ዓይነት ዝርዝር ያስፈልጋል። አንዱ የመሣሪያው ነው፦ አልተኮሰም፣ በግማሽ ተኮሰ፣ ቆረጠ ግን አልሰፋም፣ ስቴፕሉ ተጣመመ፣ መንጋጋው አልከፈት አለ፣ መስመሩ ተከፈተ፣ መስመሩ ደማ። ሁለተኛው የበሽተኛው ነው፦ መጋጠሚያው አፈሰሰ፣ ደም ፈሰሰ፣ መጋጠሚያው ጠበበ፣ ዳግም ኦፕሬሽን ተደረገ፣ ሞተ። ሁለቱን አትደባልቁ። መሣሪያው ተበላሽቶ ሐኪሙ ወዲያው በእጅ ሰፍቶ በሽተኛው በሰላም ሊሄድ ይችላል። ፋየሩ ያማረ ሆኖም በአምስተኛው ቀን ሊያፈስ ይችላል።

ማፍሰስን ለመመደብ ዓለም አቀፍ የፊንጢጣ ካንሰር ጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ሦስት ደረጃ ቀላል ነው። ሀ፦ ሕክምናው አልተለወጠም። ለ፦ ተጨማሪ ሕክምና አስፈልጓል፣ ሆድ ግን ዳግም አልተከፈተም። ሐ፦ ሆድ ተከፍቷል። የተሠራው ለፊንጢጣ መጋጠሚያ ቢሆንም ለሌላውም ያገለግላል። ለሌሎች ችግሮች ከኦፕሬሽን በኋላ የሚመጣን ችግር በክብደቱ የሚመድበውን የክላቪን-ዲንዶ ምደባን ውሰዱ፤ ሬዚደንቶች ያውቁታል።

ደረጃ 4፦ አንድ ገጽ ፎርም፣ በሽተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ

ፎርሙን ማን ይሞላል? ሐኪሙ አይደለም። ሐኪሙ ጓንት ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ኬዝ ይሮጣል። የምትሞላው ሰርኩሌቲንግ ነርሷ (ከኦፕሬሽኑ ጠረጴዛ ውጪ ሆና የምታግዘው) ናት፤ ሐኪሙና ስክራብ ነርሷ (መሣሪያ የምታቀብለው) ጮክ ብለው ይነግሯታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር የመጨረሻው ክፍል የመሣሪያ ችግር ነበረ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የእናንተን ፎርም እዚያ ጥያቄ ላይ አያይዙት። አዲስ ሥራ አይሆንባቸውም።

በፎርሙ ላይ ከተኩሱ በፊት፣ በተኩሱ ጊዜና ከተኩሱ በኋላ የታየው ይጻፋል።

ከተኩሱ በፊት ዋናው ነገር ሕብረ ሕዋሱ ነው። ቀለሙ ምን ይመስላል? ጠርዙ ይደማል? ግድግዳው አብጧል? በሽተኛው ደም ግፊቱ ወርዶ በመድኃኒት ነው የተያዘው? ሄሞግሎቢንና አልቡሚን ካለ ይጻፍ። ማስጠንቀቂያውን ያወጡት አሜሪካኖችም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ያበጠ፣ በቀላሉ የሚቀደድ ወይም የሞተ ሕብረ ሕዋስ ላይ ስቴፕል በደንብ ላይዝ ስለሚችል ሌላ አማራጭ ይታሰብ ብለዋል። ሐኪሙ በዚህ ምክንያት ስቴፕለሩን ትቶ በእጅ ከሰፋ ወይም ኮሎስቶሚ (አንጀቱን በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ መክፈት) ካወጣ እሱም ይመዝገብ። ያልተተኮሰበት ምክንያት ከተተኮሰበት እኩል ያስተምራል።

በተኩሱ ጊዜ፦ መንጋጋው ከተዘጋ በኋላ ስንት ሰከንድ ተጠበቀ? ያበጠ ሕብረ ሕዋስ ውኃው እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ሐኪሞች 15 ሰከንድ ያህል ይጠብቃሉ፤ የመሣሪያው ወረቀት የሚለው ካለ እሱ ይቀድማል። ሰዓት የምትቆጥረው ነርሷ ትሁን፤ ኦፕሬሽን ላይ ያለ ሰው አምስት ሰከንድ 15 ይመስለዋል። እጀታው ከወትሮው ከበደ? በመሃል ቆመ? የቆየ የስቴፕል መስመር ተሻገረ? ክሊፕ መንጋጋው ውስጥ ገባ? ስንት ካርትሪጅ አለቀ?

አንድ የሕይወት ጉዳይ እዚህ ላይ አለ። ስቴፕለሩ ደም ሥር ላይ እንደተዘጋ ከተበላሸ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ደም ሥሩን በክላምፕ ያዙ ወይም እሰሩ። መጀመሪያ ከፍቶ ማየት ደም ያፈሳል። ስለዚህ ክላምፑ ከመተኮሱ በፊት ትሪው ላይ መኖሩም የፎርሙ አንድ ጥያቄ ይሁን።

ከተኩሱ በኋላ ደግሞ ዓይን ነው የሚሠራው። በትክክል የታጠፈ ስቴፕል የእንግሊዝኛውን ቢ ፊደል ይመስላል። ይህ ቅርጽና ረድፎቹን አዛንፎ የመትከሉ ዘዴ የሃንጋሪው ቀዶ ሐኪም ሁመር ሁልትል እ.ኤ.አ. በ1908 ቡዳፔስት ላይ የመጀመሪያውን መሣሪያ ሲያወጣ የነበረ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ያልታጠፈ እግር፣ ቀጥ ብሎ የቀረ ስቴፕል፣ ክፍተት፣ የሚደማ ነጥብ ካለ የት ላይ እንደሆነ በሥዕል ምልክት አድርጉ። ፎርሙ ላይ ሁለት ትይዩ መስመር ብቻ አስቀምጡ፤ ሐኪሙ ቦታውን ይጠቁማል።

ክብ ስቴፕለር ከሆነ ቀለበቶቹን እዩ። መሣሪያው ሲወጣ ከላይኛውና ከታችኛው አንጀት የተቆረጡ ሁለት ቀለበቶች ይዞ ይወጣል። ስክራብ ነርሷ አንድ በአንድ ታውጣቸው። እርጥብ ጎዝ ላይ ታስቀምጣቸው፣ በፒንሴት ዙሪያቸውን ትዞር። የቱ የላይኛው፣ የቱ የታችኛው እንደሆነ ሳይምታታ ይለይ። ቀለበቱ የትም ቦታ ተቆርጦ ወይም በጣም ሳስቶ ከሆነ የመጋጠሚያው ያ ጎን ሙሉ ውፍረቱን አልያዘም ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የአየር ፈተናው ይቀጥላል። ዳሌው ውስጥ ሳላይን ይሞላል፣ ከመጋጠሚያው በላይ ያለው አንጀት በቀስታ ይያዛል፣ በፊንጢጣ አየር ይገባል፣ አረፋ ይታይ እንደሆነ ይጠበቃል። ሁለቱም ውጤት ይጻፍ። ቀለበቱ ሙሉ ሆኖ አረፋ ሊታይ ይችላል፤ ሁለቱም ደህና ሆነው በኋላ ሊያፈስም ይችላል። የደም አቅርቦት ችግር በዕለቱ ፈተና ላይ አይታይም።

በመጨረሻ፣ የሐኪሙን ስም አትጻፉ፤ ኮድ ስጡት። ልምዱን ግን ጻፉ፣ በዚህ መሣሪያ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ሠርቷል? ስሙ የሚጠፋ የመሰለው ሰው ችግር አይናገርም። ይህ በየትም አገር ያለ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ ሲጨመርበት ይብሳል። የክፍሉ ኃላፊ የራሱን ፋየር ቀድሞ ቢያስመዘግብ ሌላው ይከተላል።

ደረጃ 5፦ የተበላሸውን አትጣሉ

ያልተኮሰ ስቴፕለር ብዙ ጊዜ ቀጥታ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። በንዴት ይጣላል። ማስረጃው አብሮ ይጣላል። የተበላሸው መሣሪያ ከነካርትሪጁ በባዮሐዛርድ ከረጢት ይግባ፣ የሎት ቁጥርና ቀን ይለጠፍበት፣ ለባዮሜዲካል ክፍል ይሰጥ። ማንም እንዳይፈታታው። አንድ ፎቶ በኦፕሬሽን ክፍሉ ውስጥ፣ በሽተኛው የማይታይበት፣ ይነሣ።

ሪፖርቱ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላካል። ባለሥልጣኑ የሕክምና መሣሪያንም የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ለአቅራቢው ብቻ መናገር አይበቃም። አቅራቢው ሌላ ሳጥን ይዞ ይመጣል፣ ጉዳዩም እዚያው ይሞታል። ደብረ ማርቆስ የተበላሸው ሎት ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይም ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 6፦ በሽተኛውን እስከ 30ኛው ቀን ተከተሉ

ዋርድ ላይ ዓይን የሚፈልጉት ከሦስተኛው ቀን በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። የልብ ምት ያለ ምክንያት መፍጠን፣ ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት፣ ምግብ አለመቀበል፣ ትንፋሽ መፍጠን። ሲአርፒ (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ) የሚሠራ ላቦራቶሪ ካላችሁ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል በሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ማፍሰስን ጠርጥሩ። ሲአርፒ ብቻውን ምርመራ አይሆንም፤ ዝቅ ማለቱ ነው ይበልጥ የሚያረጋጋው። ለሁሉም በሽተኛ በአንድ ቀን ይሠራ እንጂ ለሚያሳስበው ብቻ አይሁን፤ አለዚያ መዝገቡ ይዛባል።

ከዚያ በሽተኛው ይወጣል። ጎጃም ውስጥ የዚህ ግምገማ ከባዱ ክፍል ይኸው ነው። ከሰከላ ወይም ከጮቄ ግርጌ የመጣ ገበሬ አጨዳ ላይ ከሆነ በቀጠሮው ቀን አይመጣም። ቢያመው የሚሄደው ኦፕሬሽን ወዳደረገለት ሆስፒታል ሳይሆን ቅርብ ወዳለው ነው። ያልመጣውን «ደህና ነው» ብሎ መቁጠር የዚህ ዓይነት ግምገማ ትልቁ ስሕተት ነው። ያልመጣ ማለት ያልታወቀ ማለት ነው፤ ቁጥሩም ለብቻው ይቀመጥ።

ሲወጣ ሁለት ስልክ ተቀበሉ፤ የራሱንና የአስታማሚውን። ቢቻል ሦስተኛ፣ ኔትወርክ ያለበት አካባቢ የሚኖር ዘመድ። የመውጫ ወረቀቱ ላይ «በስቴፕለር የተሠራ አንጀት መጋጠሚያ» ተብሎ ከቀኑና ከሆስፒታሉ ስልክ ጋር ይጻፍ። ሌላ ሆስፒታል ቢሄድ ያየው ሐኪም ያውቃል።

30ኛውን ቀን ማግኘት በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ጥቅምት 12 የተሠራ ኅዳር 12 ይደወልለታል። ጳጉሜን መሃል ሲገባ ብቻ ቀኖቹን ቁጠሩ። ፎርሙ ላይ የእኛንና የፈረንጁን ቀን የሚደባልቅ ሰው እንዳይኖር አንዱን ምረጡ፣ በገጹ ራስ ላይም በግልጽ ጻፉት።

ስትደውሉ ጥያቄው ላይ ተጠንቀቁ። «አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደህና ነዎት?» ካላችሁ መልሱ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ታሞም ቢሆን። ይህ ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም። ሰላምታው ሲያልቅ አንድ በአንድ ጠይቁ፦ «ከኛ ጋ ከወጡ ወዲህ ሌላ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ተኝተዋል? ቁስሉ መግል ወይም ዓይነ ምድር አፍስሷል? ትኩሳት ነበረዎት? ዳግም ሆድዎ ተከፍቷል?» እሳቸው ስልክ ካላነሡ አስታማሚውን ጠይቁ። ልጅ ወይም ሚስት ብዙ ጊዜ የበለጠ ይናገራሉ። በሽተኛው አርፎ ከሆነ መጀመሪያ አጽናኑ፤ ከዚያ እንዴት እንደነበረ በቀስታ ይጠየቃል። ለዚህ ጥሪ ትዕግሥት ያለው ሰው መድቡ።

ደረጃ 7፦ ከምን ጋር ታወዳድራላችሁ?

ከእጅ ስፌት ጋር ማወዳደር ተፈጥሯዊ ነው፤ ግን ወጥመድ አለው። ሐኪሙ ስቴፕለሩን የሚያነሣው ለማን ነው? በሽተኛው በጣም ታሞ ቶሎ መጨረስ ሲፈልግ ከሆነ ስቴፕለሩ ከባዶቹን በሽተኞች ይወስዳል፤ ውጤቱም ያለ ጥፋቱ ይከፋል። በተቃራኒው ለቀጠሮ በሽተኛ ብቻ ከተቀመጠ ያለ ሥራው ይመሰገናል። ስለዚህ «ለምን ስቴፕለር ተመረጠ?» የሚል መስመር በፎርሙ ላይ ይኑር፤ የእጅ ስፌቱም በሽተኞች በዚያው ፎርም ይመዝገቡ።

ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ትንሹን አንጀት ከትልቁ ጋር ለመግጠም የተሠሩ የዕጣ ጥናቶች (በሽተኞች የትኛውን ስፌት እንደሚያገኙ በዕጣ የሚወሰንባቸው) ሲሰበሰቡ ስቴፕለር ያነሰ ማፍሰስ አሳይቶ ነበር። ከዚያ የአውሮፓ የኮሎፕሮክቶሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 በብዙ አገሮች 3,208 በሽተኞችን በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ተከታተለ። በጠቅላላው 8.1 በመቶው አፈሰሰ፤ የበሽተኞቹ ልዩነት በስሌት ከተስተካከለ በኋላም ስቴፕለር ከበለጠ ማፍሰስ ጋር ተያይዞ ተገኘ። የትኛው ነው ልክ? እኔ ሁለቱንም አከብራለሁ። የመጀመሪያው በተመረጡ በሽተኞች ላይ መሣሪያው ምን እንደሚችል አሳየ። ሁለተኛው በየቦታው ሲሠራበት ምን እንደሚሆን አሳየ። የእናንተ ሆስፒታል የሚመስለው ሁለተኛውን ነው።

ቢያንስ አራት ነገር ለይታችሁ አወዳድሩ፦ አጣዳፊ ወይስ ቀጠሮ፣ አንጀቱ ሞቷል ወይስ ሕያው ነው፣ በሽተኛው ከመግባቱ በፊት ስንት ቀን ታሟል፣ ሐኪሙ በመሣሪያው ጀማሪ ነው ወይስ የለመደ። የጀማሪነት ጊዜ የሚባለው እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹን ኬዞች ከመዝገቡ አታውጡ፤ ለብቻ አሳዩአቸው።

ደረጃ 8፦ ትንሽ ቁጥር ሲያታልል

«30 ሠራን፣ አንድም አላፈሰሰም።» ደስ ይላል። ግን ቀላል ስሌት አለ። ምንም ችግር ካልታየ 3ን በበሽተኞቹ ቁጥር አካፍሉ፤ እውነተኛው አደጋ እስከዚያ ድረስ ሊሆን ይችላል። 3 ለ30 ሲካፈል 10 በመቶ ነው። 100 ሠርታችሁ ምንም ካልታየ እስከ 3 በመቶ። ዜሮ ማየት ዜሮ አደጋ ማለት አይደለም።

ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። 40 ተሠርቶ 3 ቢያፈስ 7.5 በመቶ ነው። እውነተኛው ቁጥር ግን ከ2 እስከ 20 በመቶ አካባቢ የትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ተነሥቶ «ስቴፕለሩ ከእጅ ስፌት ይሻላል» ወይም «ይብሳል» ማለት አይቻልም። ማለት የሚቻለው «እንቀጥል፣ እንቁጠር» ነው።

ቁጥሩ እስኪሞላ ዓይነ ስውር እንዳትሆኑ አንድ የወረቀት ግራፍ ኦፕሬሽን ክፍል ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ለእያንዳንዱ በሽተኛ መስመሩ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ካፈሰሰ አንድ ካሬ ወደ ላይ ይወጣል። ጎኑ ላይ በእጅ ስፌት የለመዳችሁት የማፍሰስ መጠን በሰያፍ መስመር ይሰመር። የእናንተ መስመር ከሰያፉ በላይ እየራቀ ከሄደ ጥያቄ ይነሣል። ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ሁሉም ያየዋል። ለመሣሪያው ብልሽትም ሌላ ግራፍ ይኑር፤ እዚያ ላይ አንድ ካሬ አንድ በሽተኛ ሳይሆን አንድ ፋየር ነው።

ደረጃ 9፦ መቼ ትቆማላችሁ?

ይህም ቀድሞ ይጻፋል፤ ሰው ሞቶ እያለ የሚወሰን ነገር አይደለም። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ከአንድ ሎት ሁለት ፋየር በተመሳሳይ መንገድ ከተበላሸ ያ ሎት ለብቻው ይቆለፍ። ከስቴፕል መስመር ጋር የተያያዘ ሞት ወይም ከባድ ደም መፍሰስ ከደረሰ በማግሥቱ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አኔስቴዥያና ባዮሜዲካል አንድ ላይ ይቀመጡ። ጥያቄያቸው ሦስት ነው፦ መሣሪያው ነው? ሕብረ ሕዋሱ ነው? አጠቃቀሙ ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ከአንድ በላይ ነው። ያበጠ አንጀት ላይ ሰማያዊ ካርትሪጅ፣ አረንጓዴው ስቶር ውስጥ ስላለቀ፣ ተረኛው ደግሞ አዲስ ስለሆነ። እንዲህ ሲተነተን መፍትሔው መሣሪያውን ማገድ ሳይሆን አረንጓዴው እንዳያልቅ ማድረግ ሊሆን ይችላል።

የወር ስብሰባው አጭር ይሁን። የፋየር ቁጥር፣ የብልሽት ቁጥር፣ የማፍሰስ ቁጥር፣ ያልተገኙ በሽተኞች ቁጥር። የመጨረሻው ካልተነገረ የፊተኞቹ አይታመኑም።

ውጤቱን ለኅትመት ማውጣት ከፈለጋችሁ ሥራው ሳይጀመር ከዩኒቨርሲቲያችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ውሰዱ። ከሌላ ሆስፒታል ጋር መዝገብ ማጣመር ደግሞ በጣም ይጠቅማል፤ በአንድ ሆስፒታል ዓመታት የሚፈጀው ቁጥር ለአራትና ለአምስት ሲከፋፈል ቶሎ ይሞላል። ያኔ ፎርሙ አንድ ዓይነት፣ የ«ማፍሰስ» ትርጉሙም አንድ ዓይነት መሆኑን ቀድማችሁ ተስማሙ። ስምና ስልክ ከሆስፒታሉ አይውጣ፤ የሚላከው ኮዱ ብቻ ነው።

አቅራቢ ሲቀየር ወይም አዲስ ሞዴል ሲመጣ የድሮውን ውጤት ለአዲሱ አታውርሱት። ቀለሙ ቢመሳሰል፣ ሻጩ «ያው ነው» ቢልም አዲስ ገጽ ክፈቱና ከዜሮ ቁጠሩ።